የእትዬ ሳሙና አፍንጫ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ መጻፍ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያውም በደንብ አልገባኝም። ፊደሉ ይምታታብኛል፣ ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚያልቅም እርግጠኛ አይደለሁም። እንደ እኔ ያለ ሰው እስክሪብቶ ሲያነሳ «ደግሞ ይቺን ማን ጻፊ አላት» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቢባልም አልቀየምም። የሚችል ሰው ይጽፈዋል ብዬ ብዙ ጠብቄ ነበር። ስለ ፈነዳው ቧንቧ ተጻፈ፣ ስለ ሞተው ዓሣ ተጻፈ፣ ስለ ኩባንያውም ተጻፈ። ስለ እትዬ ሳሙና ግን ማንም አልጻፈም፤ እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ከእሷ ጋር ግድግዳ የምጋራው እኔ ነኝ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን እሷ እንደነገረችኝ አስቀምጣለሁ። ስህተት ካለበት የእኔ ነው።

ሳሙና እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ሴት ልጇን አዝላ ወደዚህ ግቢ ስትገባ ይዛ የመጣችው ሁለት ሳፋና አንድ የከሰል ካውያ ብቻ ነበር ይባላል። በእነዚያ ሳፋዎች ልጇን አሳደገች፣ ዳረች፤ ትዳሩ ሲፈርስም ልጇን ከነልጇ መልሳ ተቀበለች። የልጅ ልጇን ግቢው ሁሉ ጩጬ ነው የሚላት። ጩጬ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አያቷ ጉያ ነው የምትተኛው።

ሌላ አጣቢ ልብስ መንጻቱን በዓይኗ ታያለች። እትዬ ሳሙና ግን በአፍንጫዋ ነው የምታየው። የደረቀ ሸሚዝ ከገመድ ስታወርድ መጀመሪያ ብብቱን ታሸታለች፣ ቀጥላ ኮሌታውን። ፀሐይ ፀሐይ ካለ ታጥፈዋለች። ትንሽ ላብ ወይም ያልለቀቀ ሳሙና ካለው፣ በረዶ የመሰለ ሸሚዝ ቢሆን እንኳ መልሳ ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች። ደንበኛው ቢቸኩል ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ይህ አፍንጫዋ የግቢው ሁሉ አፍንጫ ሆነ። ወተት የሚገዛ ሰው ሳይጠጣ እሷን ያስሸትታታል። ሥጋው አደረ ወይ ተብላ ትጠየቃለች። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን መካኒኩ ቤት የጋዝ ሲሊንደሩ ጎማ ሲያፈስ እሷ ከገመዱ ስር ሆና ሸትቷት፣ ልብሷን ጥላ ሮጣ ክብሪቱን ከሚስቱ እጅ ነጥቃለች። ከዚያ ወዲህ እሷ «ይሁን» ያለችው ይሁን ነው፣ «ተዉት» ያለችው ይተዋል።

መካኒኩ ቀልደኛ ነው። «እትዬ፣ በአንቺ ምክንያት እኮ አንዲት ብርጭቆ ቀምሼ መግባት አልቻልኩም» ይላታል። «ሚስቴ ሳትይዘኝ አንቺ በሩ ላይ ትይዢኛለሽ።»

«እኔ መቼ ያዝኩህ? ሸሚዝህ ነው የሚያሳጣህ።»

«እንግዲያው ሸሚዜን አውልቄ እገባለሁ።»

«ሱሪህም ያው ነው» ትለዋለች፤ ሳቋን በሳፋው ውስጥ ደብቃ።

እንዲህ እያልን ስንኖር፣ ከከተማው በላይ ወንዙን በስሩ የሚያቋርጠው የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈነዳ። ወንዙ ጥቁር ሆኖ አደረ። ዳር ዳሩን ያለው ሸምበቆ እስከ ወገቡ ጠቆረ፤ ወፎቹ ክንፋቸው ተጣብቆ ጭቃው ላይ ይንፈራፈሩ ነበር። ሽታው ደግሞ ምን ልበላችሁ። በር ብትዘጋው በመስኮት ይገባል፤ መስኮቱን ብትዘጋው ትራሱ ውስጥ ታገኘዋለህ። ዳቦው እሱን እሱን ይላል፣ ሻዩም እሱን።

የእትዬ ሳሙና ልጅ የምትሠራበት የዓሣ መለያ ቤት የዚያኑ ሰሞን ተዘጋ። የቧንቧው ባለቤት ኩባንያ ነዳጁን ከወንዙ ዳር በአካፋና በባልዲ የሚያፍሱ የቀን ሠራተኞች ሲፈልግ እሷም ቦት ጫማ አጥልቃ ሄደች። ሠራተኞቹ ቱታ ለብሰው ይውላሉ፤ ማታ ቱታው ጥቁር ሆኖ፣ ከብዶ፣ ሊቆም የሚችል መስሎ ይወልቃል። እሱን የሚያጥብ ሰው ሲፈለግ ማን ይጠራል? እትዬ ሳሙና። የኩባንያው ሾፌር ቱታውን በጆንያ ጠቅልሎ እያመጣ በራፏ ላይ ይጥላል።

ቱታው በውሃ ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ትዘፈዝፈዋለች፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና። ሠራተኞቹ ጓንትም የአፍ መሸፈኛም ተሰጥቷቸዋል። ቱታውን ለሚያጥብ ሰው ግን ማንም ምንም አላሰበም፤ እሷም አልጠየቀችም። ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይታጠባል። እጣቢውን ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከግቢው ጀርባ ባለው ቦይ ትደፋዋለች።

መጀመሪያ ሰሞን ሽታው ሊገድላት ነበር። ሌላው ሰው የሚሸተው አንድ ከሆነ ለእሷ አሥር ነው። ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ አፍንጫዋ ውስጡ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ይደማል። በእንቅልፏ እንኳ ይሸታት ነበር። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ታጥባለች፤ ሻሹም ይሸታል።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ነቃች፤ ሽታው የለም።

መጀመሪያ አላመነችም። ተነስታ በሩን ከፈተች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ደረቷ እስኪሞላ ሳበች። ምንም የለም። ከገመዱ ላይ አንድ ቱታ ጎትታ ብብቱን አሸተተች፤ ምንም። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ልጇ ቦት ጫማዋን እየታገለች ነበርና፣

«ለቀቀን» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሽታው ነዋ። ሄደልን።»

«እንጃ እማዬ። እኔ ውስጡ ነው የምውለው፤ ለእኔ ሁሉም ቀን አንድ ነው» አለችና ወጣች።

የዚያን ቀን እትዬ ሳሙና እያንጎራጎረች አጠበች። ምግቡ አፏ ውስጥ ገለባ ገለባ ማለቱን በድካም አሳበበችው። ሰው ለመልካም ወሬ ምክንያት አይፈልግለትም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። በግቢያችን ጥግ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የውሃ ጉድጓድ አለ። ነዳጁ የፈሰሰ ጊዜ ከጤና ቢሮ ሰዎች መጥተው ለምርመራ በጠርሙስ ቀድተው፣ «ውጤቱ እስኪመጣ እንዳትጠጡ፣ በቦቴ ውሃ ይመጣላችኋል» ብለው ሄዱ። ቦቴው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ሲመጣም ዋናው መንገድ ላይ ነው የሚቆመው፤ ወረፋው ሰው ያጣላል። የመካኒኩ ሚስት እርጉዝ ነች፤ ሆዷ ገፍቶ ጀሪካን ተሸክማ ስትመጣ ማየት ያሳቅቃል። ውጤቱ ግን ውሃ በልቶት ይሁን ነዳጅ፣ ወሬውም የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መካኒኩ በሥራ ልብሱ ክዳኑን ከፍቶ ባልዲ ወረወረ። ውሃው ሲወጣ ጥርት ያለ ነው። አጎንብሶ አሸተተውና ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ አፍንጫማ ድሮም ከቤንዚን ሌላ አያውቅም። እትዬን ጥሩልኝ።»

ተጠራች። የግቢው ሰው ከየክፍሉ ወጣ። እትዬ ሳሙና እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣች፣ ባልዲው ላይ አጎነበሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ቀና ስትል ፊቷ ፈክቷል።

«ምንም የለውም» አለች። «ንጹህ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ መካኒኩ።

«እስከ ዛሬ መቼ ዋሽቼህ ነው?»

አንዲት ልብስ ሰፊ በቅርቡ ነበር ጥግ ያለውን ክፍል የተከራየችው። ድምጿ አይሰማም፤ ቀን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ነው የምትውለው። እሷ ከኋላ ሆና፣ «ለእኔ ግን ትንሽ ይሸተኛል» አለች።

መካኒኩ ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ገና ሻንጣሽን ሳትፈቺ ከእትዬ አፍንጫ ጋር ልትወዳደሪ? ግድ የለም፣ ቦቴው ጋ ሄደሽ ተሰለፊ። እኛ ከደጃችን እየቀዳን እንጠጣለን፣ አንቺ አፍንጫሽን ላሺ።»

ተሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ቀልቶ ወደ ክፍሏ ገባች። እትዬ ሳሙና ብቻ «ተዋት እንጂ፣ ምን አደረገችህ» አለች፤ ግን ደስ ብሏት ነው ያለችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግቢው ሁሉ ከጉድጓዱ ጠጣ።

የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጩጬ ውሃውን አልጠጣም አለች።

«ጋዝ ጋዝ ይላል» አለች አያቷን፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ።

«ምንም አይልም። ጠጪ።»

«መካኒኩን ነው የሚሸተው።»

እትዬ ሳሙና ሳቀች። «መካኒኩ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል? ነይ፣ እኔ አሽትቼዋለሁ አይደል? አያትሽን አታምኚም?»

ጩጬ አያቷን ታምናለች። አፍንጫዋን በጣቶቿ ይዛ ጨለጠችው። ከዚያ ወዲያም እንደዚሁ፤ አፍንጫዋን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና። እትዬ ሳሙና ጨዋታ መስሏት አብራት ትስቅ ነበር።

ውሎ አድሮ የልጅቷ አፍ ዙሪያ ሽፍ አለ። የበላችውን ማስመለስ ጀመረች። ስትሮጥ የምትውል ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታንቀላፋ ጀመር። እናቷ ከወንዙ ስትመጣ ድካሟ ሁሉ ጠፍቶ «ምን ሆናብኝ ነው?» ትላለች፤ ሲነጋ ደግሞ ወደዚያው ነው። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት የሄደችው አያቷ ነች።

ነርሷ ወጣት ነች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሰሞኑን እሷ ፊት ነው የተሰለፉት። የጩጬን ዓይን ገልጣ አየች፣ ሆዷን በቀስታ ጫን ጫን አደረገች።

«ውሃ ከየት ነው የምታጠጧት?»

«ከግቢያችን ጉድጓድ።»

«ተመርምሯል?»

«አሽትቼዋለሁ» አለች እትዬ ሳሙና።

ነርሷ እጇን ከልጅቷ ሆድ ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት። «እማማ፣ ማሽተት ምርመራ አይሆንም እኮ።»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በዚህ አፍንጫ ነው እንጀራዬን የምበላው፣ የኔ ልጅ።»

«ይሆናል፤ ዋሽተዋል እያልኩ አይደለም» አለች ነርሷ። ቁጣ አልነበረባትም፣ ደክሟታል። «ደሟን ወስደን ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልካለን። ጉበቷንና ኩላሊቷን ማየት አለብን። ይቆያል። እስከዚያ ከቦቴው ብቻ ያጠጧት፤ እርስዎም እንደዚያው።»

እትዬ ሳሙና ልጅቷን አዝላ፣ አኩርፋ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ስታጉተመትም ነበር። «እኔን ማሽተት ልታስተምረኝ።» ለልጅቷም ያን ዕለት ማታ ከጉድጓዱ ቀዳችላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የአንድ አስተማሪ ደንበኛዋን ነጭ ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር። ነፋስ ስለነበረ በሩ ገርበብ ብሏል። ጩጬ አልጋው ላይ ተኝታለች። በመሃል ልጅቷ አቃሰተች፤ እትዬ ሳሙና ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትታ ዞረች፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አደረገችላት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ማሸት ጀመረች። ጀርባዋ ለካውያው ነው። እንዲሁ ስታሽላት፣ ስታባብላት ቆየች።

በሩ ተበረገደ። ልብስ ሰፊዋ ነች፤ በእጇ መቀስ እንደያዘች ሮጣ ገብታ ካውያውን አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሸሚዙ ተቃጥሎ፣ ከስሩ ያለው ብርድ ልብስም እየጨሰ ነበር። ጭሱ ጣራው ስር ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊዋ ባልዲ ውሃ ደፋችበት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከዚያ ጥግ ሆኜ ነው የሸተተኝ» አለች እያለከለከች። «አንቺን አጠገብሽ ሆኖ አልሸተተሽም?»

እትዬ ሳሙና የተቃጠለውን ሸሚዝ አነሳች። «ጉንፋን… ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አስተውላ አየቻት። አታስነጥስም፣ አታስልም፣ ድምጿም ጥርት ያለ ነው። መስኮቱን ከፍታላት ወጣች።

እትዬ ሳሙና በሩን ዘጋች። ሽንኩርት አንስታ በጥርሷ ነክሳ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው፤ ዓይኗ አለቀሰ፣ ሽታ ግን የለም። የበረኪናውን ጠርሙስ ከፈተች፤ ጉሮሮዋን አቃጠላት፣ ሽታ የለም። የነጭ ጋዙን ጀሪካን ክዳን አዙራ አፍንጫዋን አፉ ላይ ደቀነችው፤ ውሃ ነው ብትባል ታምን ነበር። በመጨረሻ ተንበርክካ ፊቷን በጩጬ ፀጉር ውስጥ ቀበረችው። ያን ሽታ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሌሊት ስትነቃ ሳትዳስስ እሱን አሽትታ ነው ልጅቷ መኖሯን የምታረጋግጠው። ሳበች። ፀጉሩ ሞቅ ይላል። ከሙቀቱ በቀር ምንም የለውም።

እንደነገረችኝ ከሆነ ያኔ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የመጣባት። ሽታው አልሄደም ነበር፤ የሄደው የእሷ አፍንጫ ነው። ጋዝ ጋዝ ይላል ብላት ነበር ይቺ ልጅ። አፍንጫዋን ይዛ ስትጠጣ እሷ ቆማ ስትስቅ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ከጉድጓዱ ውሃ የቀዳችበትን እንስራ እዚያው ደጃፉ ላይ ደፋችው። በማለዳ ቦቴው ጋ ሄዳ ተሰለፈች። «ምነው እትዬ?» ሲሏት «ሐኪም ለልጅቷ አዞላት ነው» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ክፉ ስለሆነች አይደለም። አፍንጫዋ ከሌለ እሷ ማን ነች? ማን ልብሱን ይሰጣታል? ከሁሉ የባሰ ደግሞ፣ «ንጹህ ነው» ያለችው እሷ፣ ያመነው ግቢው። ይህንን በየትኛው አፏ ትናገረው? ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትልና ይመሻል፤ ነገ ትልና ይመሻል። ባልዲው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ገመዱ ሲጢጥ ይላል። ያ ድምፅ በተሰማት ቁጥር ቀና ትላለች፤ እጇ ግን ማጠቡን አያቆምም። ከዚያ ውሃ እኔም ጠጥቻለሁ።

ከዚያ የመካኒኩ ሚስት መጣች። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። በርጩማው ላይ ሆዷን ደግፋ ተቀመጠችና ቋጠሮውን ፈታችው፤ የሕፃን ልብስ ነው። ትንንሽ ኮፍያ፣ መዳፍ የምታክል ሹራብ።

«ከእህቴ ልጅ የተላለፈ ነው» አለች። «እጠቢልኝ እትዬ፤ አንቺ ካላሸተትሽው ልጄን አላለብሰውም።»

እትዬ ሳሙና ሹራቡን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀረች።

«ይኸው በአንቺ ምክንያት እፎይ ብያለሁ» አለች የመካኒኩ ሚስት። «የቦቴው ወረፋ መንገድ ላይ ሊያስወልደኝ ነበር።» ከጎኗ የያዘችውን ጠርሙስ ከፈተችና አጋመሰችው። «ሰሞኑን ደግሞ ያጥወለውለኛል፤ ጥማቱ ነው መሰለኝ። ብዙ ጠጪ ይሉኛል።»

እትዬ ሳሙና አየቻት። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየች። እጇን ዘርግታ ጠርሙሱን ልትቀማት ፈልጋ ነበር፤ ያኔ ክብሪቱን እንደቀማቻት። ግን ሹራቡን ነው ያጠፈችው። ሴትየዋ «ደህና ዋይ» ብላ ሄደች። ልብሶቹ ጭኗ ላይ ቀሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣበት ሰዓት ነው። እትዬ ሳሙና ቋጠሮውን ይዛ ወጣች፤ ጉድጓዱ አጠገብ ሄዳ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ተሰበሰበ።

«ተነሺልን እንጂ እትዬ፣ እንደ ዶሮ እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ?» አለ መካኒኩ።

«እንዳትቀዱ» አለች።

«ለምን?»

«አፍንጫዬ ሞቷል።»

መካኒኩ ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም። «ምን ማለትሽ ነው?»

«አይሸተኝም። ምንም አይሸተኝም። ያን ቀን ያልኳችሁ… ያኔም ሞቶ ነበር። አላወቅኩም።»

መካኒኩ ከኪሱ ዘይት የጠጣ፣ የጠቆረ መወልወያ ጨርቅ አወጣ። ቀልዱ ገና ከፊቱ አልጠፋም። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት፤ ጨፈነች። ጨርቁን አፍንጫዋ ሥር ያዘው። እኔ ከቆምኩበት ይሸተኛል። «ይሄ ምንድን ነው?»

ደጋግማ ሳበች። ደረቷ ሲነሳ ሲወድቅ ይታያል። «እጅህ ነው?» አለች። «ምንም የለም።»

መካኒኩ ጨርቁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። ከዚያ ሰዉን ተሻግሮ ልብስ ሰፊዋን በዓይኑ ፈለጋት። እሷ ከኋላ ነበረች። «እስቲ… እባክሽ፣ አንቺ ነይ» አላት። እትዬ ሳሙናን ከክዳኑ አስነስቶ ባልዲ ቀድቶ ያዘላት። አጎነበሰችና ወዲያው ቀና አለች።

«ከዚያን ቀን ይብሳል» አለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ነበር» አለች።

የመካኒኩ ሚስት ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ድምጿ ቀጭን ሆኗል። «እትዬ። ለጩጬ ከቦቴው ነበር የምታመጪው።»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ሰሞኑን ነው ያወቅኩት።»

«ዛሬ ስጠጣ አይተሽኛል።»

እትዬ ሳሙና ቋጠሮውን ዘረጋችላት። «አላጠብኳቸውም» አለች። «ሳፋዬ ውስጥ አልነከርኳቸውም።» የመካኒኩ ሚስት ቋጠሮውን ነጥቃ ወሰደችና በሌላ እጇ ባልዲውን አዘንብላ ቀስ አድርጋ እትዬ ሳሙና እግር ሥር ደፋችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። ውሃው በእግሮቿ ጣቶች መካከል አልፎ ወደ ቦዩ ወረደ። እትዬ ሳሙና በዓይኗ ተከተለችው። ያ ቦይ እጣቢዋን የምትደፋበት ነው። ውሃው የተመረዘው ከወንዙ ይሁን ከእሷ ሳፋ፣ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበችው። እስከ ዛሬም የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

መካኒኩ ሄዶ ሌላ ቆርቆሮ አመጣ፣ በጉድጓዱ ክዳን ላይ ደረበው፣ ድንጋይ ጫነበት። ሰዉ ባዶ ባልዲውን ይዞ ወደየክፍሉ ገባ። በየበሩ ቀስ የሚል ንግግር ነበር፤ እትዬ ሳሙና በር ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ልጇ ከወንዙ ስትመጣ ሰማች። ተቀምጣ ቦት ጫማዋን ስታወልቅ፣ «እኔም እኮ አጠጥቻታለሁ እማዬ» አለች። ሁለቱም ያን ዕለት ጩጬን መሃል አድርገው ተኙ።

በማግስቱ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ እትዬ ሳሙና ተነሳች። ሾፌሩ ያመጣውን ያልታጠበ ቱታ ከነጆንያው ጎትታ ከግቢው በር ውጭ አስቀመጠችው። ተመልሳ የልብስ ማስጫ ገመዷን ከሁለቱ ምሰሶዎች ፈታች። ከየደጃፉ ባዶ ጀሪካኖችን ሰበሰበች፤ ማንንም አላስፈቀደችም፣ ማንም አልከለከላትም። በገመዱ እጀታ በእጀታ አሰረቻቸውና እያንቋቋቻቸው ወደ ዋናው መንገድ ጎተተቻቸው። ቦቴው ሲመጣ ከፊት ነበረች። ሞልታ አንድ በአንድ በጀርባዋ ማመላለስ ጀመረች።

የመጀመሪያውን ጀሪካን ይዛ ስትገባ ወደ ክፍሏ ነው የሄደችው። ጩጬን በእቅፏ አቀናቻት፣ ክዳኑን ከፈተች።

«ምን ይላል?»

ልጅቷ ዓይኗ ሳይገለጥ አጎንብሳ አሸተተች። አፏ ዙሪያ ያለው ሽፍታ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ምንም አይልም» አለች።

እትዬ ሳሙና ያንን ቃል ከዚያ በፊት ራሷ ብላዋለች። ስለዚህ ጀሪካኑን ይዛ ግቢውን አቋርጣ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። «ይቅርታ እህቴ» አለቻት፣ «አሽቺልኝ።» ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን ሳትሰበስብ ወጥታ አሸተተች፤ በእጇ ቀድታ ቀመሰች፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ደህና ነው እንደማለት።

ያኔ ጀሪካኑን ወስዳ የመካኒኩ ሚስት ደጃፍ ላይ አስቀመጠችው፤ አላንኳኳችም። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች።